ከታዳጊው ተጫዋች ምን እንጠብቅ? ከደጋፊውስ?

(በቁሓ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ የመረጥነው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ወጣት የእግር ኳስ ተጫዋች ከሰፈሩ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ክለብ ሲገባ፣ ደጋፊው ከእርሱ ምን ሊጠብቅ ይገባል? የሚለው ጥያቄ ነው። «ይህስ የሻይ ቤት ወሬ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነውን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ጉዳዩ የእኛም ነው እንላለን። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው እዚሁ ቁሓ ነው፤ ዕድሉን ፍለጋ ከመቀሌ በአየር የሚሄድ ወጣት ሁሉ፣ ኳስ ተጫዋችም ይሁን ተማሪ፣ በደጃችን ያልፋል። እንግዲህ የሄደውን ልጅ ስንት ጊዜ እንደምንታገሠው መነጋገር የሚገባን እኛው ነን።

በመጀመሪያ ከራሳችን ከተማ እንነሣ። መቀሌ 70 እንደርታ በ2010 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫወተ፤ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መሪነት ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ፈጣን ድል ለደጋፊው ትልቅ ደስታ ሰጠው፤ ነገር ግን አንድ ክፉ ትምህርትም አስተማረው። ድል ማለት በሁለት ዓመት የሚደረስበት ነገር ነው ብሎ እንዲያስብ አደረገው። ወዲያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ በኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት በድምር 3 ለ 2 ተሸንፎ ሲወጣ፣ ትናንት በትከሻ የተሸከሟቸውን ልጆች ዛሬ የሚወቅስ አልጠፋም። ሆኖም በአንድ ጨዋታ ማንም አዋቂ፣ ማንም ደካማ አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች ቃል ለተጫዋቹ ብቻ አልተነገረም፤ ለደጋፊው ተስፋም ይሠራል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ በፕሪሚየር ሊጉ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ። በዚያ ዓመት በሊጉ የነበሩት 13 ቡድኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የተጫወተው 24 ጊዜ ነው። ከጨዋታው ቁጥር የግቡ ቁጥር በለጠ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወጣቱ በ22 ዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። ክለቡ የሚገኘው በፕሪቶሪያ ነው፤ ይህችው ከተማ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት ስለተፈረመባት፣ ስሟ በእኛ ዘንድ በሌላ ምክንያት የማይረሳ ሆኗል።

የኢትዮጵያ ደጋፊ ያን ጊዜ ሒሳቡን በቀላሉ ሠራ። «እዚህ 29 ካገባ፣ እዚያ ቢያንስ 15 አያጣም» አለ። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ብዙ ነገር ዘሎ ነበር። ሰንዳውንስ እ.ኤ.አ. በ2016 የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። በአጥቂው ስፍራ ናሚቢያዊው ፒተር ሻሉሊሌ ነበር፤ እርሱም ባለፈው የውድድር ዘመን በ23 ግብ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ የሆነ ሰው ነው። በቡና ቤት ኳሱ ሁሉ ወደ አቡበከር ይመጣ ነበር፤ በሰንዳውንስ ግን ኳሱን ለማግኘት አስቀድሞ ወንበሩን መልቀቅ ነበረበት። ከዚህ በላይ ደግሞ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። ጉዳት የስንፍና ልጅ አይደለም፤ ደጋፊው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን አይለይም።

እንግዲህ ወጣት ተጫዋች ትልቅ ክለብ ሲገባ ለምን ይቀዘቅዛል? ምክንያቶቹን በሦስት እንከፍላቸዋለን።

አንደኛው የስፍራ ለውጥ ነው። በቀድሞው ቡድን እርሱ ምሰሶ ነበር፤ አሠልጣኙ ጨዋታውን በእርሱ ልክ ሰፍቶለታል። በአዲሱ ክለብ ግን ልብሱ አስቀድሞ ተሰፍቷል፤ እርሱ ነው በልብሱ ልክ መሆን ያለበት።

ሁለተኛው የሰውነት ጉዳይ ነው። ልምምዱ ይበረታል፣ ተጋጣሚው ይፈጥናል፣ ጨዋታው ይደራረባል። ያልለመደ ጡንቻ ካቅሙ በላይ ሲጫን ይጎዳል። የተጎዳውን ልጅ ሳይድን በጩኸት ወደ ሜዳ መመለስ ደግሞ ጉዳቱን እጥፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ብቸኝነት ነው። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ጨዋታ ሲበላሽ ከጎኑ ተቀምጦ «አይዞህ» የሚለው ሰው የለም። ይህን ለመረዳት ኳስ ማወቅ አያሻም። ከገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ለምን እንደሚደናገጥ ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም። መምህራኖቻችን ያን ተማሪ በአንድ ፈተና «ሰነፍ ነህ» ብለው አያሰናብቱትም፤ እንዲለምድ ጊዜ ይሰጡታል። ለኳስ ተጫዋቹስ ይህ ፍርድ ለምን ይነፈገዋል?

ከውጭው ዓለም ሦስት ወጣቶችን እንመልከት። ኖርዌያዊው ማርቲን ኦዴጋርድ እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገባ። ለዓመታት በሄረንቪን፣ በቪቴሴና በሪያል ሶሲዬዳድ በውሰት ተንከራተተ፤ ብዙው ሰው «ከሸፈ» ብሎ ደመደመ። እርሱ ግን በ2021 ወደ አርሰናል ሄዶ በ2022 የቡድኑ አምበል ሆነ። ከኤርትራውያን ወላጆች በስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክም እ.ኤ.አ. በ2017 በ17 ዓመቱ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ገብቶ ቦታ አላገኘም። ወደ ሆላንድ በውሰት ሄዶ ጎል ማግባት ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሪያል ሶሲዬዳድ፣ በ2022 ወደ ኒውካስል ተዛወረ፤ በ2025 ሊቨርፑል በእንግሊዝ እስከዚያን ጊዜ ባልታየ ከፍተኛ ዋጋ ገዛው። በአንጻሩ በጋና የተወለደው ፍሬዲ አዱ በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በአሜሪካ ከዋናው ቡድን ጋር ሲሰለፍ «አዲሱ ፔሌ» ተባለ። የሌላ ሰው ስም ተጭኖበት የራሱን ስም ሳያገኝ ከክለብ ወደ ክለብ ሲዞር ኖረ። ችሎታ በሦስቱም ላይ ነበረ። ሁለቱ ግን ከብርሃኑ ወጣ ብለው፣ በአነስተኛ ክለብ፣ ስሕተታቸውን የሚያርሙበት ጊዜ አግኝተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ተጫዋቹ ደመወዝ ይቀበላል፤ ደጋፊው ከጎዶሎ ኪሱ ከፍሎ ይገባል፤ ታዲያ መጠየቅ መብቱ አይደለምን?» ይባላል። አዎን፣ መብቱ ነው። ደጋፊ ትጋትን ይጠይቅ፤ ሥርዓትን ይጠይቅ፤ ለማሊያው ክብርን ይጠይቅ። እነዚህ በተጫዋቹ እጅ ያሉ ናቸውና። «በዚህ ወር ይህን ያህል ጎል አምጣ» ብሎ መጠየቅ ግን ገበሬን «በሰኔ ዘርተህ በሐምሌ እጨድ» እንደማለት ነው። ስድብማ የመብት ክፍል ሆኖ አያውቅም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ሩቅ ሰዎች ለማውራት አይደለም። የ2012 ዓ.ም. ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ መቀሌ 70 እንደርታም ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. አራት የውድድር ዘመን ከፕሪሚየር ሊጉ ርቆ በ2017 ዓ.ም. ተመለሰ። አሁን ደግመን እናስላ። ጦርነቱ ሲጀመር የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ተጫዋች ክለቡ ሲመለስ 19 ሞልቶታል። አንድ አጥቂ የሚሠራባቸው አራቱ ዋና ዓመታት፣ ልምምድ፣ ውድድር፣ በቂ ምግብና ትምህርት በሚገባ ሳያገኝ አልፈውበታል። ይህ ልጅ ነገ ማሊያ ሲለብስ ደጋፊው በ2011 ሻምፒዮን ከሆነው ቡድን አጥቂ፣ ኋላም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተዛወረው ከአማኑኤል ገብረሚካኤል ጋር ያስተያየዋል። ያጣነውን ሁሉ በአንድ ልጅ እግር ልናስመልስ እንፈልጋለን። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ ሸክሙ ግን የልጁ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለማንኛውም ታዳጊ ሙሉ ሁለት የውድድር ዘመን ሳይሰጡ ፍርድ አለመስጠት። ሁለተኛ፣ ስንመዝነው ጎሉን ብቻ ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ፣ ያለ ኳስ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ከስሕተቱ በኋላ ምን እንደሚያደርግ መመልከት። ሦስተኛ፣ ትምህርቱን እንዳይተው መገፋፋት። እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓታችን ለሰፈር ታዳጊዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ብናስጠና፣ ነገ ባዕድ አገር ሲሄዱ ከአንድ ሺሕ ጭብጨባ የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ጉዳት ቢያስቀራቸውም ባዶ እጃቸውን አይቀሩም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ቅርፊቱን ቸኩሎ የሚሰብር ሰው ግን ጫጩቱን አያገኝም። ከመምህራን በኩል ሐሳብ፣ ከጓደኞቻችን በኩል ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑ ስሞች ከዚህ ስብሰባ መውጫ ላይ እንቀበላለን።