የእንግዳው አዘጋጅና የቼሪው አትክልት ቦታ



የቆየ ቴአትር በአዲስ መልክ ሲቀርብ «የደራሲው ሐሳብ ተበላሸ» የሚሉ ሁልጊዜ አሉ። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፥ ይህ ነቀፋ መቼ እውነት መቼስ ሐሰት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ የመጨረሻ ቴአትሩን «የቼሪው አትክልት ቦታ» አለው። በሞስኮ መጀመሪያ የታየው በ1904 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ደራሲውም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በታሪኩ ራኔቭስካያ የምትባል ወይዘሮ የአባቶቿ ርስት በዕዳ ምክንያት በሐራጅ ይሸጥባታል፤ የሚገዛውም ሎፓኺን የሚባል ነጋዴ ነው፤ አባቱና አያቱ በዚያው ርስት ላይ ከመሬቱ ጋር የሚቈጠሩ ገባሮች ነበሩ።

በ1975 እ.ኤ.አ. የሞስኮው ታጋንካ ቴአትር ቤት አናቶሊ ኤፍሮስን ከሌላ ቴአትር ቤት በእንግድነት ጠርቶ ይህን ድርሰት አሠራው። ኤፍሮስም በመድረኩ መካከል የመቃብር ጉብታ አቆመ፤ ሳቁም፥ ለቅሶውም፥ ጭፈራውም በዚያው ዙሪያ ሆነ። ሎፓኺንን የተጫወተው ዘፋኙ ቭላዲሚር ቪሶትስኪ ነበር፤ ወይዘሮዪቱን ከልቡ የሚወድ፥ ርስቷን በገዛ ቀን ግን እየጨፈረ የሚያዝን ሰው አድርጎ አሳየው።

ይህ ደራሲውን መድፈር ነውን? እስቲ መጽሐፉን እንመልከት። ቼኾቭ በሁለተኛው ክፍል መግቢያ፥ በሜዳው ላይ ቀድሞ የመቃብር ድንጋይ የነበሩ የሚመስሉ ትልልቅ ድንጋዮች እንዳሉ ጽፏል። እንግዳው እነዚያን ድንጋዮች ከዳር ወደ መካከል አመጣቸው እንጂ ከራሱ አልፈጠራቸውም። ሎፓኺንም ጨዋ ሰው እንጂ ባለጌ ነጋዴ እንዳይመስል ቼኾቭ ራሱ በደብዳቤ አሳስቦ ነበር፤ እርሱም የገባር የልጅ ልጅ ነበርና።

ጉድለት የለውም አንልም። ቼኾቭ ድርሰቱን ኮሜዲ ብሎታል፤ መቃብሩን ገና ከመጀመሪያው የሚያይ ተመልካች ግን መሳቅ ይከብደዋል። ቢሆንም ፍርዳችን ይህ ነው፤ አዲስ ነገር የሚነቀፈው ከድርሰቱ ውጭ ሲመጣ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ተሰውሮ የኖረውን ሲገልጥ ግን ታማኝነት ይባላል።

እኛም በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን የአባቶቻችንን መጽሐፍና ልማድ እንረከባለን። ራኔቭስካያ እያለቀሰች እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ሎፓኺን ዛፎቹን በመጥረቢያ አስቈረጠ። እንግዳው አዘጋጅ ግን አስቀድሞ በደንብ አነበበ፥ ከዚያ በኋላ ለወጠ። የኛም መንገድ ይኸው ይሁን።