በሌማት ላይ ያለ መርዝ



መርዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠላት በጠጅ ውስጥ የሚጨምረውን፥ ወይም ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና የጠጣውን ጽዋ ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን ማንም ሳይጨምረው በሌማት ላይ የሚቀርበውን ነው፤ እርሱም ጓያ ነው።

ከገራዶ እስከ ደላንታ ያለው የወሎ ገበሬ የጓያን ጠባይ ያውቃል። ውሃ ቢተኛበት አይጠፋም፤ ዝናም ቢቀርም ያፈራል። ሽሮውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ይጥማል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ለሚበላው ሰው ምግብ ነው፤ ሌላ እህል ጠፍቶ ሁለትና ሦስት ወር ዋና ቀለብ ሲሆን ግን ጕልበት ይከዳል፥ እግር ይገተራል፥ ሰውየውም በጣቱ ጫፍ እየረገጠ በምርኵዝ ይሄዳል። አይገድልም፤ አይድንምም።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. ሩማንያውያን በቫፕኒያርካ የእስረኞች ሰፈር ላጐሯቸው አይሁድ የከብት መኖ የነበረውን ጓያ በየቀኑ ያበሏቸው ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር የበሽታውን ምክንያት ዐወቀ፤ ቢሆንም በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆነ። በእኛ አገር ግን ይህን ያደረገ ዘበኛ አልነበረም፤ ረኀብ ብቻውን በቃ። ከ1995 እስከ 1997 በዚያው አቈጣጠር በደላንታና በዳውንት ሁለት ሺህ ያህል ሰው በጓያ ተሰበረ።

ብዙ ሰው በሽታው የሚይዘው ጓያው ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት፥ ወይም ማሳውን በመርገጥ ይመስለዋል። እኔም በልጅነቴ ከድስቱ እንፋሎት ሸሽቼ፥ ሲበስል ተመልሼ ንፍሮውን በልቻለሁ። መርዙ ያለው በንፍሮው ውስጥ እንጂ በእንፋሎቱ አልነበረም።

እንግዲህ በክፉ ቀን ጓያ መብላት ግድ ቢሆን፥ ፍሬው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋ፤ ዱቄቱ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይደባለቅ፤ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ ይቅር። በጎታው የቀረውም ጥቂት ገብስ ሲከፈል፥ በሽታው ይበልጡን የሚይዘው ወጣቱን ወንድ ስለ ሆነ፥ እርሻ ላይ የሚውለው ጐረምሳ ብርቱ ነው ተብሎ አይታለፍ።