ትንሽ ናት ተብላ የምትተው የዓይን ዕጢ



ዛሬ የምንነግራችሁ ከሁለት የጤፍ ፍሬ ስለማትበልጥ ነገር ነው። ከመካከላችን የአንዱ አክስት፥ ሁላችንም አክስቴ የምንላቸው፥ በአየር ጤና ጉልት ላይ ፀሐይ እየመታቸው አትክልት ይሸጣሉ። የዓይናቸው ነጩና ጥቁሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አንዲት ነጣ ያለች እብጠት ወጣች። «ትንሽ ናት፥ ምን ታደርገኛለች» አሉ። ስትቆረቁራቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፤ ተቆረጠች፤ የተቆረጠውም ሥጋ ተጣለ። በዓመቱ የምስር ክክ አክላ ተመለሰች።

እኛን ያስቆጨን መቆረጧ አይደለም፤ መጣሏ ነው። በዚያ ስፍራ የሚወጣው ሁሉ ክፉ አይደለም። ሐኪሞች ቴሪጂየም የሚሉት ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ በኩል ተነሥቶ፥ እንደ ክንፍ ሾጠጥ ብሎ፥ በዓመታት ወደ ጥቁሩ የሚሳብ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ከፍ ብሎ እንደ ሙጫ የረጋ፥ በላዩ ነጭ ቅርፊት ያለበት፥ ወፋፍራም የደም ሥሮች የሚመግቡት፥ በወራት ውስጥ የሚያድግ ከሆነ ግን ያጠራጥራል። ይህም ሆኖ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሠለጠነ ዓይን እንኳ ይሳሳታል። ፍርዱን የሚሰጠው ማይክሮስኮፕ ነው። ሥጋው ከተጣለ ዳኛው ሳይሰማ ችሎቱ ተዘጋ ማለት ነው።

«ታዲያ ያደገ ሁሉ ካንሰር ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ያላደገም ሁሉ ደኅና አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ በሚሊ ሜትር ለክቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በቀጠሮው ቀን ያስተያያል። በአሜሪካ በዓይን ውስጥ ትንሽ ሜላኖማ የተገኘባቸው 204 ሰዎች በጥናት ተመዝግበው ነበር፤ አብዛኞቹም ሳይታከሙ በክትትል ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ውጤት በ5 ዓመት ውስጥ ያደገው ከመቶ 31 ያህሉ ነው ተባለ። ያ ዕጢ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው፤ የእኛ ጣጣ በዓይን ገጽ ላይ የሚወጣው ነው። ምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ከዓለም ፊተኞች ውስጥ ናት፤ ምክንያቱም የፀሐይ ጨረርና ኤች አይ ቪ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ጨረሩ ይበረታል።

ሐኪም ሩቅ ነው እንዳንል በክፍለ ከተማችን፥ በዘነበወርቅ፥ አለርት አለ። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ፤ ሥጋ ደዌ ዓይንንም የሚጎዳ ስለ ሆነ የዓይን ነገር እዚያ እንግዳ አይደለም፤ ዛሬም የዓይን ክፍል አለው።

አክስቴ በሁለተኛው ጊዜ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ዕጢዋ ተለካች፤ በዙሪያዋ ካለው ደኅና ሥጋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተጨምሮ ወጣች፤ ጠርዙም በብርድ ተቀዘቀዘ፤ ሥጋውም ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። የደም ምርመራም ተጠየቁ፤ የዚያ ውጤት የራሳቸው ጉዳይ ነው። የሥጋው መልስ ካንሰር ነው፥ ነገር ግን ከላይኛው ሽፋን አላለፈም የሚል ሆነ። ዓይናቸው ተረፈ።

አሁን ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ይሸጣሉ፤ ደንበኞቻቸው ይሥቁባቸዋል። ሊመለስ ስለሚችል በየሦስት ወሩ ይታያሉ፤ ተራ ገብተን የምንወስዳቸው እኛ ነን።