ዱቄቱን በሚዛን



እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ልካቸው እጃቸው ነበር። እኛ ግን ለሽያጭ በየተራ ነው የምንጋግረው። ሩብ ሊትር ገደማ በሚይዝ ብርጭቆ ዱቄት ላላ ብሎ ሲሰፈር 120 ግራም፣ ተጠቅጥቆ ሲሰፈር 150 ግራም ይመዝናል። የሰኞው ዳቦ ለስልሶ የሐሙሱ ሲደርቅ ደንበኛ ሸሸን፤ እርስ በርስም ተወቃቀስን። ጥፋቱ ግን የስፍሩ ነበር።

አሁን ሚዛን ገዝተናል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 620 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ እናደርጋለን። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ ውሃውንም በዚያው ሚዛን እንመዝናለን። ዱቄቱ ውሃ ከጠማው ጥቂት ጨምረን፣ የጨመርነውን ለተረኛዋ እንጽፍላታለን።

የእናቶቻችንን እጅ አልናቅንም፤ ሊጡን ዛሬም በእጃችን ነው የምናውቀው። ያስታረቀን ግን ሚዛኑ ነው።