«እርጅና ነው» እያልን

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥራህ ጥቂት ንገረን ተብዬ ነው የቆምኩት። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ድንኳን ስተክል እንጂ በሥራዬ አይደለም። «ያ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው የሚጽፈው» ትሉኝ እንደነበር ግን ሰምቻለሁ። አልተሳሳታችሁም፤ የኅብረተሰብ ጤና ጥናት ማለት አብዛኛው እሱው ነው። በር ማንኳኳት፣ ውሻ መሸሽ፣ መጠየቅ፣ መጻፍ።

ጅማ ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983 ሲቋቋም (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራው ጥናቶቹ በዚያው ስለሚመዘገቡ ነው፣ ይቅርታ) ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ወደ መንደር የሚልክ ትምህርት ይዞ ነው የተነሣው። በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2005 ደግሞ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እየተባለ በየጊዜው የሚመዘገብበት የምርምር ጣቢያ ተከፈተ።

ከሥራው ሁሉ የሚያስቸግረው የሽማግሌ ዕድሜ ነበር። «ስንት ዓመትዎ ነው?» ሲባሉ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ ገምት» ይላሉ። ስለዚህ በዘመን እንጠይቃለን። አባ ጅፋር ሲያርፉ ያስታውሳሉ? ጣሊያን ሲገባ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ገና ይታዘሉ ነበር? አባ ጅፋር ያረፉት በ1932፣ ጣሊያን የወረረን በ1935 ነው፤ ከዚያ ተነሥተን እንቆጥራለን። አንዳንዱ ሽማግሌ ታዲያ ወሬውን ከጀመረ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ መነሣት የለም። ቡናው ጨው አለበት፤ ስለ ጨው ኋላ እመለሳለሁ።

በአንድ ቤት ደጃፍ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እኔ የምሄደው ለሕፃናቱ ነው፤ ክትባት፣ ተቅማጥ፣ ክብደት። አንድ ቀን የልጅ ልጆቻቸውን መዝኜ፣ ምራታቸውን ጠይቄ ስወጣ ኮቴዬን ሰሙና በኦሮምኛ «ልጄ፣ እኔን የማትጠይቀኝ ሞቼ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሣቅሁ። ስማቸው በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ለእሳቸው የሚቀርብ ጥያቄ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ነጭ ሞራ ነበር። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» አለኝ። እኔም ተማርኩ ባዩ «አዎ፣ እርጅና ነው» ብዬ ሄድኩ። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ አሳምሬ አውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን በወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውሮቻችን ግማሽ ያህሉ ማየት የተሳናቸው በዚሁ በሞራ መሆኑ ተጽፏል።

በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ ደጃፉ ባዶ ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን «ምን ይሰማቸው ነበር? ያብጡ ነበር? ያስላቸው ነበር?» እያልን የምንጠይቅበት ረጅም ቅጽ አለን። ስለ እኚያ እናት ጥያቄ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በተካሄዱት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች በግል የተጠየቁት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። በ2015 ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የተጠናው እንኳ 69 ዓመት ላይ ያቆማል። እናቶችና ሕፃናት በብዛት እየሞቱብን ስለነበር ቅድሚያውን አልነቅፍም። ግን ያዳናቸው ሕፃን ሁሉ፣ ከኖረ፣ ያረጃል።

አሁን ወደ ዕድር ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2001 የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በየመካነ መቃብሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም፣ የሚቀበረውን ሰው ስም፣ ዕድሜና ጾታ ማስመዝገብ ጀመሩ። ከዚያም ከሟቾቹ መካከል የጥቂቶቹን ቤተሰብ እየጠየቁ፣ መልሱን ለሐኪሞች እያቀረቡ የሞቱን ምክንያት አጣሩ። መነሻው ኤድስ ምን ያህል ሰው እንደገደለ ለማወቅ ነበር። መዝገቡ ግን የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ካንሰርም ከተማይቱን ምን ያህል እንደሚጎዱ አጋለጠ። ሐኪም ቤት ያልደረሰውን ሟች ቀባሪው ያውቀዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የእኛን መዝገብ ጸሐፊያችንን አስፈቅጄ አየሁት። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ለቀብር የወጣው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ አለ፤ በዚህስ ጸሐፊያችን ይመስገኑ። ዕድሜ ግን የለም። ምን አሟቸው እንደነበር የለም። ብንጠየቅ «እርጅና» እንላለን። እርጅና ግን ዕድሜ ነው፤ የሚገድለው ሌላ ነው።

ደም ግፊትን ውሰዱ። ራሴን ካላመመኝ የለብኝም የሚል ሰው እዚህም ተቀምጧል፣ አውቀዋለሁ። ደም ግፊት ለዓመታት ምንም ሳይሰማ ይቆይና አንድ ጠዋት ግማሽ አካል ይዞ ይሄዳል። መድኃኒቱም ሲሻል የሚተው አይደለም፤ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ያን ጨውም ከቡናው ቀንሱ። ቡናውን ተዉ አላልኩም፤ ጅማ ላይ ቆሜ እንዲህ ብል የምታስጨርሱኝ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በመዝገባችን ላይ ለዕድሜና ለሕመሙ ሁለት ረድፍ ይጨመር፤ ቤተሰቡ ካልፈቀደ ባዶ ይተው። ሌላው፣ ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ዕለት እኔ ቀደም ብዬ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የደም ግፊት መለኪያው የራሴ ነው፣ ከዕድሩ ሣጥን ሳንቲም አይወጣም። ከፍ ብሎ የተገኘበትን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። እጅጌው ሰፊ የሆነ ልብስ ልበሱ፤ ቡና ጠጥታችሁ ከሆነም ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ ተለኩ። መምጣት ለማይችሉት አዛውንቶች እኔው ቤታቸው እሄዳለሁ። ውሻ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሰሩልኝ።