ለሙሪት መርፌ ተራ ስንገባ



የዓመቱን ሂሳብ ከማቅረባችን በፊት ስለ አንዲት ድመት እንድንናገር ጠይቃችሁናል። ከወዲሁ የምትስቁ አላችሁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻቸውን የሚኖሩት እናታችን የዳሌ ቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸውን ሁለት ጊዜ ሰርዘዋል። ምክንያቱ ሙሪት ናት። ስኳር በሽታ አለባት፤ በየ12 ሰዓቱ ኢንሱሊን ትወጋለች። «እሷን የሚይዝልኝ ሳላገኝ አልገባም» አሉ። አራት ሆነን ተራ ገባን።

መወጋቱ እንደፈራነው አይደለም። ላላ ያለውን ቆዳ ሳብ አድርጎ ከሥሩ መውጋት ነው፤ እየበላች ከሆነ ልብም አትለው። ከባዱ ቁጥሩ ነው። የእሷ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አለው፤ ሲሪንጁም ለዚያ የተሠራ ነው። ለሰው የሚታዘዘው አብዛኛው ኢንሱሊን ግን 100 ነው። በ40ው ሲሪንጅ 100ውን የቀዳ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ይህን በትልቁ ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጠፍን።

የተሳሳትነው ግን እዚያ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተረኛዋ ወግታ፣ ደብተሩ ላይ ሳትጽፍ ወደ ሥራ ሮጠች። ሌላዋ ተራው የእሷ መስሏት መጣች፤ መስመሩን ባዶ ስታየው ደገመችው። ደግነቱ ቤት ልታጸዳ ቆይታ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሙሪት እግሯ ይብረከረክ ጀመር። ድዷ ላይ ማር ቀብተን ወደ እንስሳት ድንገተኛ ሕክምና በረርን፤ ግሉኮስ ተሰቅሎላት አደረች። ከመካከላችን በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር እያለን፣ ያልተጻፈ ሁሉ ያልተከፈለ መሰለን!

ሐኪሟ የነገሩን ቀላል ነው፦ መወጋቷን ከተጠራጠራችሁ ዝለሉት፤ አንድ ጊዜ ቢያመልጥ ብዙም አይጎዳትም፣ መድገም ግን ሊገድላት ይችላል። ምግብ እምቢ ካለችም ከመውጋታችሁ በፊት ደውሉልን።

ለእናታችን እንንገር አንንገር ብለን ሁለት ቀን ተከራከርን። ሆስፒታል ድረስ ሄደን ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለምን ያኔውኑ አልደወላችሁልኝም?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

የሕክምናው ወጪ ከማኅበሩ ካዝና አልወጣም፤ አራታችን አዋጥተናል፣ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ። እናታችን አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ወር ለልጃቸው ሠርግ ስለሚጓዙ ሁለት ተጨማሪ ተረኞች እንፈልጋለን። የምትፈቅዱ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ሲሪንጅ አያያዙን እዚሁ እናሳያችኋለን።