የበጎ ፈቃድ ሥራና የወለሉ ውኃ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከውጭ አገር መጥተው በግንባታ ስለሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች እንድናገር ስጠየቅ አስቀድሞ የታወሰኝ አንድ ወለል ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት አባት ከሙያችን የወጣ ሰው መሆኑን ላስታውስ። የስዊሱ መሐንዲስ ፒየር ሴሬዞል እ.ኤ.አ. በ1920 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር፣ በጦርነት የወደመች አንዲት የፈረንሳይ መንደር ለመጠገን በቬርደን አካባቢ ሰፈረ፤ ከመካከላቸውም ትናንት ጠላት የነበሩ ጀርመኖች ይገኙ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ደቦ አለ። በደቦ የሠራ ሰው ነገ የእርሱ ተራ ይደርሳል። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ግን ተራ የለውም፤ ስለዚህም ድካሙን በምን እንደምንመዝን ግራ ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባቱ (ከቀድሞዋ ዝዋይ) ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ አራት የመማሪያ ክፍሎች ሲሠሩ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። አሥራ ሁለት ወጣቶች ከአውሮፓ ለሦስት ሳምንት መጡ። በአሮጌው ትምህርት ቤት ምንጣፍ አንጥፈው በአጎበር ሥር ያድሩ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምሩ ነበር። ብሎኬት ያቀብላሉ፤ አሸዋ በባሬላ ይሸከማሉ፤ ምሳቸው ሽሮ፣ አንዳንድ ቀንም ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ነው። የልጆቹ ጥርስ ስለምን እንደ በለዘ ጠይቀውኝ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ አስረዳኋቸው። ትጋታቸውን የሚነቅፍ አልነበረም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እነርሱ ያለ ክፍያ ስለሚሠሩ ስድስት የቀን ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አሰናበትሁ። የተረፈውን ገንዘብ ለመስኮት መስተዋት አሰብሁት። ሴቶቹ ይሠሩት የነበረው አሸዋ ማመላለስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጧት፣ ቀትርና ማታ ኮንክሪቱን በረጠበ ጆንያ እየሸፈኑ ውኃ የሚያጠጡት እነርሱ መሆናቸውን በመዝገቤ ላይ አላሰፈርሁትም ነበርና።

የሁለቱን ክፍሎች ወለል ዓርብ ከምሳ በኋላ አፈሰስን። ፀሐይ ነበር፤ ከሐይቁ በኩልም ነፋስ። ከአንድ ካሬ ሜትር ወለል በሰዓት የሚተንነው ውኃ ወደ 1 ኪሎ ግራም ሲጠጋ ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት እንደሚሰነጠቅ ሁላችንም ተምረናል። የተጠቀምንበት ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚጠነክር በመሆኑ ከተለመደው 7 ቀን የበለጠ ውኃ ማግኘት ይገባው ነበር። ወጣቶቹ ቅዳሜ ለዕረፍት ወደ ላንጋኖ ሄዱ። እኔም ወደ አዳማ፣ ወደ ቤቴ። ዘበኛው ቀረ፤ ለዘበኛው የነገረው ሰው የለም።

ሰኞ ጧት ከተሰናበቱት ሴቶች አንዷ፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ የቀረባትን የሁለት ቀን ሒሳብ ልትቀበል መጣች። ከደጃፉ ቆማ ወለሉን አየችው። ስንጥቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርሶ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ማን አጠጣው?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ወጣቶቹ የተናገረችውን እንድተረጉምላቸው ሲጠይቁኝ ተረጎምሁላቸው፤ የስንብቱንም ነገር ጨምሬ። አንደኛው የሴቶቹ የቀን ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝና ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም መዶሻ አንሥተው ወለሉን ማፍረስ ጀመሩ፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

ስድስቱንም ሠራተኞች መለስኋቸው። ሁለተኛው ወለል ማታ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ፈሰሰ። ማጠጣቱን የሚያዝዙት ሴቶቹ ሆኑ፤ ወጣቶቹ ከአህያ ጋሪ ላይ ጄሪካን እያወረዱ ያቀብሏቸው ነበር። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ቁጣ አይቀርላቸውም፤ በኦሮምኛ ስለሆነ ግን ሳቁበት።

ክፍያው የተሸፈነው ከመስተዋቱ ገንዘብ ነው። መስኮቶቹ እስከ ተከታዩ ዓመት በቆርቆሮ መዝጊያ ቆዩ፤ ነፋሱ በበረታ ቀን መምህሩ መዝጊያውን ይዘጋና ልጆቹ በጨለማ ይማሩ ነበር።